ብርቱካን ያልያዝንበት ጉዞ

ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር የአሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ላንጋኖ መገንጠያ አጠገብ፣ ግራር ሥር፣ የአባቴ አሮጌ መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማ ትታየኛለች።

ያን ዕለት ጠዋት ለአባቴ መሥሪያ ቤቱ ከሻሸመኔ ተደወለለት። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አባቴ ቤት መጥቶ እናቴን "እማማ ትንሽ አሟቸዋል፣ ሄደን እንያቸው" አላት። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርማ፤ ዘመድ ከቦ፣ ደጋፊ አጠገብ ቆሞ ነው። ለምን ከትምህርት ቤት እንደምቀር ብነዘንዘው ለእኔ እውነቱን ነገረኝና "ትንፍሽ እንዳትዪ!" አለኝ። ከናዝሬት ጀምሮ የእናቴን ማጅራት እያየሁ፣ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ዝዋይን አልፈን ላንጋኖ መገንጠያ ስንቃረብ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ጥቁር ጭስ ተፋችና ቀጥ አለች። ቤንዚኑ ከካርብራተሩ ሞልቶ ይፈሳል። አባቴ ቁልፉን ያዞራል፣ ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ ይረግጣል፤ በረገጠ ቁጥር ይብስባታል። ካንዴላዎቹን ፈታ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አሰረ። ወይ ፍንክች! ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ከዚያ ሰባት ተኩል። መፍቻው ከእጁ ይወድቅበታል። እናቴ እናቷን ሳትሰናበት አፈር ሊለብሱ ነው፤ እሷ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላለች። ዝምታዋ አናደደኝ። በሆዴ "አምላኬ፣ ይቺን መኪና ብቻ አስነሳልን" እያልኩ አለቀስኩ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ሾፌሩ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ "አካም! ምን ሆናችሁ?" እያለ ወረደ። አባቴ ወደ ጎን ወስዶ አንሾካሾከለት። ቀብር እንዳለብን እንጂ እናቴ እንዳልተረዳች አልነገረውም መሰለኝ። ሰውየው ካርብራተሩን በመፍቻው እጀታ ቀስ እያደረገ መታ መታ አደረገው።

"ቤንዚኑን የሚዘጋው መርፌ ቆሻሻ ይዞት ነው፤ ዝም ብሎ እየሞላ አፈናት። አሁን ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጠህ ያዝ፣ ወንድሜ። እንዳትደጋግም፤ አየር ይግባላት።"

ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ። ሾፌሩ እጁን እየጠረገ ወደ እናቴ መስኮት ጎንበስ አለ።

"እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ።"

አባቴ ደርቆ ቀረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናቴ ግን "አሜን" አለች፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ "ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" ስትል ጠየቀችው።

"አውቀሽ ነበር?"

"ጠዋት ስትገባ ፊትህን አይቼ። ካለቀስኩ መንዳት ያቅተዋል ብዬ ነው።"

ያኔ ገባኝ። የታመመ ሰው ጥየቃ ባዶ እጇን የማትሄደው እናቴ፣ ያን ቀን አንድ ብርቱካን እንኳ አልያዘችም ነበር።

አልደረስንም። ሰው ከመቃብር ሲመለስ አገኘነው። እናቴ እርጥቡ አፈር ላይ ተደፋች፤ ከናዝሬት ጀምሮ ያፈነችው ልቅሶ እዚያ ወጣ። አባቴ እስኪሞት ድረስ "ያቺን መርፌ ቀድሜ ባውቃት ኖሮ" እንዳለ ነው።

የዛሬ መኪኖች ካርብራተር የላቸውም፤ ቤንዚን በዝቶባት የምትታፈን መኪና ካየሁ ቆየሁ። ባለፈው ዓመት እናቴ ስታርፍ አዳማ ማደያ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ከወንድሜ የመጣች ባለ ሁለት ቃል መልእክት፦ "እማዬ አረፈች።" ከኋላዬ ክላክስ ይጮህብኛል። "ትንሽ አሟታል፣ ሄደን እንያት" የሚለኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ፣ እያወቅሁም ቢሆን ብርቱካን እገዛ ነበር።