አረንጓዴው የሱሪ ኪስ

ከቱሉ ዲምቱ ልወጣ ስል፣ በዋዜማው ምሽት እናቴ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ከተረፋት አረንጓዴ ጨርቅ ሱሪዬ ወገብ ውስጥ፣ ፎቶዋን የምይዝበት ኪስ ሰፋችልኝ። ታናሽ ወንድሜ ጀማል «ለእኔም ቁራጭ አስቀሪልኝ» ሲላት መቀሱን ቃጣችበት። ከዓመት በኋላ ግን እሱም ሲወጣ ከዚያው ጨርቅ ሰፋችለት።

በረሃውንና ሊቢያን አልተርክላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበትን አላህ ይጠብቀው። ሲሲሊ ደረስኩ። እዚህ ፓስታ ያለ በርበሬ ይበላል፣ ሰውም ሰላም ሲልህ ስለ ቤተሰብህ አይጠይቅም። ክፍል ያከራየኝ ሽማግሌ ለሶላት ውዱእ ሳደርግ እያየ፣ «ዛሬ እግርህን አምስቴ ታጠብክ፣ የት ልትሄድ ነው?» አለኝ። «የትም፣ ሲኞሬ። መጥቼ ጨርሻለሁ» አልኩት።

ጀማል ከሊቢያ ደውሎ «ነገ እንሳፈራለን» ካለኝ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሳምንታት አለፉ። የሰፈሩ ሰዎች እሁድ እሁድ የባሕሩን ዳርቻ እንደሚያጸዱ ስሰማ ሄድኩ። አስተባባሪዋ ፍራንካ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ጓንትና ጥቁር ከረጢት ሰጠችኝ።

«የቀረ ሰው ምን ይደረጋል?» አልኳት በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ።

«ምንም! ቮሎንታሪ ነን፣ በፈቃዳችን ነው የምንመጣው።»

እኛም የአቃቂን ወንዝ ያጸዳነው በፈቃዳችን ነበር፤ ያልወጣ ግን ከቀበሌ ስኳር አያገኝም። የእነሱ ስኳር የቱ ጋ እንደሆነ አልገባኝም። እኔን ያመጣኝ ሌላ ነው። ባሕሩ የሚተፋውን ከሌላ ሰው በፊት ማየት ፈልጌ ነው።

ረፋዱ ላይ ፍራንካ ከአሸዋው ውስጥ ጂንስ ሱሪ ስባ አወጣችና ወደ ከረጢቷ ሰደደችው።

«ተይው!» ብዬ ጮህኩ።

ደንግጣ አቀበለችኝ። ጓንቴን አውልቄ ወገቡን ገለበጥኩት። ውስጡ ተጨምሮ የተሰፋ ኪስ አለ። ጭቃ ስለሸፈነው ቀለሙ አይለይም። በአውራ ጣቴ ፈገፈግኩት፣ ደግሜ ፈገፈግኩት።

አበባ ያለበት ቢጫ ጨርቅ ነው።

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። ይህንንም የሰፋች እናት አለች፤ እሷም ስልኳን ታቅፋ ትጠብቅ ይሆናል።

«የምታውቀው ሰው ነው?» አለችኝ ፍራንካ።

«አይደለም።»

ከረጢቱን ከፈተችልኝ፤ መጣል ግን አልሆነልኝም። ቤት ወስጄ አጥቤ አሰጣሁት። ሽማግሌው ገመዱ ላይ አይቶት፣ «ይሄ እኮ ያንተ ልክ አይደለም» አለኝ።

ያን ዕለት ምሽት እናቴ ጋ ደወልኩ። ከኋላዋ የስፌት መኪናው ይሰማል።

«የባሕር ዳርቻ ጽዳት ወጥቼ ነበር፣ እማ።»

«ወይ ጉድ፣ እዚያም ዘመቻ አለ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ መኪናው ቆመ። «ምን አገኛችሁ?»

«ፕላስቲክ ነው፣ እማ። ፕላስቲክ ብቻ።»

መኪናው እንደቆመ ነው።

«በሚቀጥለው እሁድም ሂድ» አለችኝ። «ባሕሩ የሚያወጣውን ለሰው አትተወው፣ ልጄ።»