የበያጁ ሰፊ ቀሚስ

እትዬ መርፌ የተባለችው በቅጥነቷ ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን ቀምሰው ነው የሚሉም አሉ። እሷ በሁለቱም አትቀየምም። ሱቋ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ የምትሰፋው ደግሞ ለተገረዙ ወንዶች ልጆች የሚሆን ሰፊ ቀሚስ።

ሥራውን ያስጀመራት የገዛ ልጇ ነው። ተገርዞ ሱሪው በነካው ቁጥር ቤቱን በጩኸት ሲያናውጠው፣ የራሷን ጉርድ ቀድዳ ከፊቱ ሰፋ ያለ ነገር ሰፋችለት። ልጁ ዝም አለ፤ ጎረቤት አየ። ከዚያ ወዲህ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ደንበኞቿ ከየእምነቱ ናቸው። አንዱ ሕፃኑ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሌላው ልጁ ነፍስ እስኪያውቅ ይጠብቅና ጥልፍ ያለው ቀሚስ ከነቆቡ ያዛል። ጎረምሶቻቸውን በአንድነት አስገርዘው “በሉ እንግዲህ ወንድ ሆናችኋል” የሚሉ አሉ፤ እነሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ካልለበሱ አይሆንላቸውም። ጭራሽ የማይገርዙም አሉ፤ እነሱ ሱሪ ለማሳጠር ይመጣሉ። አንዴ ሁለት እናቶች “ትክክለኛው የኛ ነው” ተባብለው ሲካረሩ፣ “አብርሃም በሉት ኢብራሂም፣ አባታችሁ አንድ አይደል? በሉ ክንዳችሁን አንሡልኝና ጨርቄን ልዘርጋ” ብላ አበረደቻቸው። ለምትገረዝ ሴት ልጅ ቀሚስ የጠየቃትን ሰው ግን አባረረችው፤ ሁለተኛ ደጇን አልረገጠም። ምክንያቱን ገላዋ ያውቀዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት መንደሩ በያጅ በሩን በትከሻው ሞልቶ ገባ።

“እትዬ፣ ለእህቴ ልጅ ቀሚስ ፈልጌ ነበር።”

“እሰየው፣ ያሳድገው። ቁመቱስ?”

“ረዘም ይላል።”

“ትከሻው?”

“ደልደል ያለ ነው።”

“ዕድሜው?”

“እሱን እንኳ… አልጠየቅኩትም።”

እትዬ መርፌ ከመነጽሯ በላይ አየችውና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጀርባውን መለካት ጀመረች። “ልጁ ጢም አለው?” አለችው። በያጁ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእሱ ቤተሰብ መገረዝ የሚባል ነገር የለም። አሁን ሊያገባት የፈለጋት አትክልት ሻጭ ግን ከሚገርዙት ወገን ናት። እሷ አልጠየቀችውም፤ አባቷም አልተነፈሱም። እሱ ራሱ ነው እምነታቸውን ተቀብሎ፣ እንደ ልጃቸው ሆኖ ሊገባ የቆረጠው። የሚያስፈራው ምላጩ ሳይሆን አብረውት የሚሠሩት የጋራዡ ልጆች ሳቅ ነበር።

“በዚህ ዕድሜዬ፣ እትዬ፣ መሳቂያ አልሆንም?”

“አብርሃም ሲገረዝ ስንት ዓመቱ እንደነበር ታውቃለህ? ዘጠና ዘጠኝ። ያውም ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን። አንተማ ገና ጨቅላ ነህ።”

በያጁ ሳቁ አመለጠው፤ ትከሻውም ረገብ አለ። እትዬ መርፌ ጥልፍ ይኑረው አይኑረው ብላ አላደከመችውም። ከጠቆረ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የቤት ልብስ እንዲመስል አድርጋ፣ ከፊቱ በሰፊው አጣጥፋ ሰፋችለት። “የጠየቀህን ሰው ወገቤን አሞኝ ነው በለው፤ በያጅ ወገቡን ቢያመው ማን ይደነቃል?” አለችው።

ተገርዞ ከጤና ጣቢያው ከወጣ በኋላ ወገቤን ነው ማለቱ ግን እስከ ማግስቱ ብቻ ቆየ፤ እግሩን ከፍቶ ሲራመድ ያየ ሁሉ ነቃበት። የጋራዡ ልጆች መሳቁን ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ሾርባ ይዘው ሊጠይቁት መጡ። አንደኛው እንዲያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “በጣም ያማል እንዴ?” ሲል ጠየቀው።

እጮኛው ሱቅ ድረስ መጥታ እትዬ መርፌን ጉንጯን ሳመቻት። “እንደ ንጉሥ ተጋድሞ ያዘኛል” አለች እየሳቀች፤ ከዚያም ዓይኗ እንባ አቀረረ። “ይህን ሁሉ ለእኔ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።”

“እንዲህ ያለ ወንድ ሲገኝ አጥብቆ መያዝ ነው፤ ስፌቱ እስኪድን ግን በቀስታ” አለቻት እትዬ መርፌ።

ሠርጉ ትንሽ ነበር። አባትየው በያጁን “ልጄ” ብለው ከጎናቸው አስቀመጡት። እትዬ መርፌ ጉልበቷ እስኪዝል ጨፈረች፤ በማግስቱም ሱቋን አርፍዳ ከፈተች።