ጭስን በግድግዳ መሸኘት

ዓረብ አገር፣ ባያን በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት የማዳም እናት ብርድ ሲገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አይወዱም ነበር። “እሳቱን ካላየሁት አይሞቀኝም” ይላሉ። ማዳም የመስታወት በር ያለው፣ በእንጨት የሚነድ የብረት ምድጃ ገዛችላቸውና ግቢው ውስጥ ባለችው፣ ግድግዳዋ በእንጨት በተለበጠ የእንግዳ ክፍል አስቀመጥነው። ጣሪያው እንዲነካ ስላልፈለገች ግንበኛ ጠርታ ግድግዳውን አስበሳች። ሰውየው የጭሱን ቱቦ አጋድሞ አሾለከው፤ ዙሪያውን በስሚንቶ ደፍኖ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ጭሱ ተመልሶ ክፍሉን ሞላው። እናትዬዋን ደግፌ አወጣኋቸው፤ ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር። መስኮት ልከፍት ስመለስ እጄ ቱቦው አጠገብ ያለውን የግድግዳ እንጨት ነካና አቃጠለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ጠርዙ ጠቁሯል።

“ማዳም፣ ነይ እዪው” አልኳት።

እጇን አስጠጋችና ቶሎ መለሰችው። “ባለሙያ እስኪመጣ ማንም እንዳያነድ” አለች።

ባለሙያው አርዲያ ከሚባል ሰፈር መጡ፤ ጸጉራቸው የሸበተ ግብፃዊ። ሻይ ይዤላቸው ገባሁና መውጣት አቃተኝ። ቀዳዳውን ከቱቦው እጅግ አስፍተው፣ እንጨቱንም ከዙሪያው ቆርጠው ሲያነሡ ገረመኝ።

“ለምን ይህን ያህል አሰፉት?”

“እንጨት ነበልባል ባይነካውም ሊቃጠል ይችላል” አሉኝ። “በየቀኑ ሲግል ይደርቃል፣ ይደርቃል፤ አንድ ቀን በትንሽ ሙቀት ይያያዛል። ቱቦውና እንጨቱ መራራቅ አለባቸው።”

በቀዳዳው ውስጥ ሰፊ የብረት ቀለበት አስገቡ፤ ቱቦውን በመሃሉ ወደ ውጭ ትንሽ ሽቅብ አድርገው አሳለፉት፤ ክፍተቱን እሳት በማይበላው ጥጥ መሰል ነገር ሞሉት። ውጭ ደግሞ ቱቦውን ከጣሪያው በላይ አቁመው ክዳን አደረጉበት።

“ነፋሱ አሁንም ቢመልሰውስ?”

“ጭስ ሽቅብ መሄድ ይወዳል። በፊት በጎን አውጥተው ነፋስ ፊት አቆሙት፤ የት ይሂድ?”

በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ትንሽ መሣሪያ ሰቀሉ። ከእሳቱ የሚወጣ የማይታይና የማይሸት መርዝ ክፍሉ ውስጥ ከቀረ ይጮሃል አሉን። ሲሞክሩት እናትዬዋ ደንግጠው “ይኼ ከጮኸ እኔን ትታችሁ እንዳትሮጡ” አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን።

እሳቱ ሲለኮስ እኔ ግቢ ወጥቼ አንጋጥጬ ቆምኩ። ጭሱ ከጣሪያው በላይ ቀጥ ብሎ ወጣና ተበተነ። ተመልሼ እንጨቱን ዳሰስኩት፤ ለብ ብሏል እንጂ አይፈጅም።

እናትዬዋ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። “እናንተ አገር ጭሱ በየት ነው የሚወጣው?”

“በሣሩ ክዳን መሃል፣ ባገኘው በኩል።”

“ዓይናችሁስ?”

“ያለቅሳል” አልኳቸው።

በዚያው ሳምንት ወሎ ደወልኩ። ወንድሜ የጭስ ቱቦ የሚወጣበት ማድ ቤት እየገነባ ነበርና ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። “የእኛ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ምን ይቃጠላል?” አለኝ። ባለሙያው በኋላ ቱቦውን ሊጠርጉ ሲመጡ ወንድሜ ያለውን ነገርኳቸው።

“ጭቃው ውስጥ ምን አለ?”

“እንጨት።”

“እንግዲያው ያው ነው” አሉኝ፣ ብሩሻቸውን እያራገፉ።