«ኦፕረስ» በአቦ ማኅበር

ከእንግሊዝኛ ግሶች ሁሉ እስከ አጥንቴ ድረስ የማውቀው አንዱን ነው፤ ኦፕረስን። ሌሎቹን ከመጽሐፍ ተማርኳቸው። ይኼን ግን ጎንደር፣ ፀዳ አጠገብ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዲሬክተራችን እጅ በተግባር ተቀበልኩት።

መዝገበ ቃላቱ፣ ሥልጣን ያለው ሰው በሥሩ ያለውን ያለ ፍትሕ ሲገዛ፣ ሲጫን፣ መተንፈሻ ሲያሳጣ ይላል። እኔ ለዘጠነኛ ክፍሎች ሳስተምር ቀለል አደርገዋለሁ። «ጎረቤትህ በሬውን ማሳህ ላይ ቢለቅብህ በደለህ እንጂ ኦፕረስ አላደረገህም። ነገ አንተም በሬህን ትለቅበታለህ። ኦፕረስ የሚባለው በሬውም የሱ፣ ማሳውም የሱ፣ ዳኛውም የሱ ሲሆን ነው። አንድ ቀን ብቻም አይበቃም፤ ይኼ ግስ ወንበርና ጊዜ ይፈልጋል።»

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታላቅ ወንድሜ ሪሞቱን አይሰጠኝም። ኦፕረስ ነው?»

«ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚከለክልሽ?»

«ሶፋ ላይ ተኝቶ።»

«እንግዲያ ገና ነው። የተቀመጠ ቀን ንገሪኝ።»

ለምሳሌ ዓረፍተ ነገር ሩቅ አልሄድኩም። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሰውዬ ስም የለውም፤ ብቻ የመምህራንን መጸዳጃ ቤት ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ። ዲሬክተሩ መስኮቱ ላይ ቆሟል።

ቁልፉ እውነት ነው። መምህር የሆነ ሰው ሲቸገር ቢሮ ገብቶ ይጠይቃል፤ እሱም ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ለምን ጉዳይ?» ይላል። መጸዳጃ ቤት ለምን ጉዳይ ይኬዳል? አንድ የሒሳብ መምህራችን ከማፈሩ የተነሳ በየዕረፍቱ ቤቱ ድረስ ይሮጥ ነበር፤ ያን ሰውዬ አንድ አሠልጣኝ አይቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንገቱ በወርቅ ሜዳሊያ ጎብጦ ነበር። እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ ስለሳቅሁ ወንበሬ ከመምህራን ክፍል እንዲወጣ ታዘዘ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቆሜ አረምኩ፤ እግሬ በዚያ ሴሚስተር አንድ ስንዝር አድጓል። ይኼን ሁሉ ስቄ አሳልፌዋለሁ። ያላሳለፍኩት የአባቴን ነው።

የፈተና ሳምንት ነበር። ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ከድብ ባሕር ደወለ። «አባታችን አረፈ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራል፤ ድረስ» አለኝ። ወዲያው ማኪና ብሳፈር እደርሳለሁ። ቢሮ ገባሁ።

«ሌላ ፈታኝ የለኝም፤ የከሰዓቱ ፈተና ሲያልቅ ትሄዳለህ» አለ ዲሬክተሩ።

«አባቴ ነው የሞተው።»

«ሰማሁ። የሞተ ሰው አይቸኩልም።»

የግቢውም በር ቁልፍ ያው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ከሱ ትእዛዝ ውጪ ዝንብ አያስወጣም። እኔ ተማሪ እንዳይኮርጅ ስጠብቅ አባቴ አፈር ለበሰ። ድብ ባሕር ስደርስ ቀባሪው ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«መጣህ? ንፍሮው አላለቀም። ግባና ብላ» አለችኝ።

የሆነውን ተናገርኩ። ማን ይመነኝ? እኔ ሊማሊሞ ላይ ያየኋት አንዲት ቀበሮ በወሬዬ ነብር ሆና ሁለት ነጋዴ ከነበቅሏቸው በልታለች። እንዲህ ያለ አፍ ይዤ፣ አባቱ የሞተበትን ሰው በር ቆልፎ የሚያስቀር አለ ስል፣ የለቅሶው ቤት እርስ በርሱ ተያየ። አክስቴ ግን እንዲሁ አልተወችውም፤ ጎንደር መጥታ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ ዲሬክተሩን ራሱን ጠየቀችው። «እናቴ፣ እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ? እሱ ራሱ ፈተናው ካላለቀ አልሄድም አለ» ብሎ ሸኛት።

ከዚያ በኋላ በድብ ባሕር ስሜ «ደመወዙን ከአባቱ ያስበለጠ» ሆነ። ወንድሜ ስልኬን ያነሣል፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ደንበኛ አነጋግሮኝ ይዘጋል። እኔም አንድ ነገር ገባኝ። የኔ አፍ ዕዳው በዝቶ የሚያበድረው አጥቷል፤ ነገሩ ከዲሬክተሩ ከገዛ አፉ መውጣት አለበት። ይኼን ካላደረግሁ የአባቴ ልጅ አይደለሁም አልኩ።

እኛ ሰፈር የአቦ ማኅበር አለን። በየወሩ ባምስት አንዱ ቤት እንሰበሰባለን፤ ተረኛው ይደግሳል፣ ካህኑ ይባርካሉ፣ ጽዋው ይዞራል። የተጣላ ካለ ግን ሳይታረቅ ጽዋው አይቀመስም፣ ዳቦውም አይቆረስም። ዲሬክተሩ አማቱ ሲሞቱ ቦታቸውን ወርሶ ማኅበርተኛ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔ በየወሩ ባምስት ጥርሴን አመመኝ እያልኩ ቀረሁ። አፌ ውስጥ ያሉት ሁሉ በየተራ ታመው ስላለቁ ከጎረቤት ጥርስ ልበደር ምንም አልቀረኝ። የምጠብቀው የሱን ተራ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ድግሱ ፊት እንደሚያዝ ሌላ ቦታ አይያዝም።

ተራው ሲደርስ እግዜር ደግሞ አክስቴን ጨመረልኝ። ዓይኗን ልትታከም መጥታ እኔ ቤት አርፋለች። «ማኅበር አለ፤ እንሂድ» አልኳት። የማን ቤት እንደሆነ አልነገርኳትም።

ድግሱ የሚያስቀና ነበር። ጠላው ጠርቷል፤ የወጡ ሽታ ከጓዳ እየወጣ የሰዉን ስም ይጠራል፤ ዳቦው ራስ ዳሸንን ያህላል፣ ጫፉ ላይ በረዶ የለም እንጂ። ዲሬክተሩ ነጠላውን አደግድጎ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ የሚስቱን ዘመዶች ፊት ፊት እያለ ያስተናግዳል። አክስቴን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ተቀየረ፤ እሷ በአንዱ ዓይኗ ላይ ፋሻ ስላለ መጀመሪያ አልለየችውም።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ እንደ ልማዳቸው ተነሡ። «የተቀያየመ፣ ልቡ ያልጠራ አለ?» አሉ። ይኼን ጥያቄ ማንም መልሶት አያውቅም፤ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጽዋው ዘርግተዋል።

«አለ፣ አያ ሙሴ» አልኩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ከባለ ድግሱ ጋር።»

ዲሬክተሩ ሳቀ። «የሥራ ነገር ነው። ቀልደኛ መሆኑን ታውቁታላችሁ።» ሁሉም ያውቀኛልና አብሮት ሳቀ። ካህኑ ግን «ቀልድ ከሆነ ተቀመጥ፤ ካልሆነ ተናገር» አሉኝ።

«የአባቴን ቀብር ከልክሎኛል፣ አባ። ያመነኝ ሰው የለም። በአፉ ይናገር።»

አክስቴ ፋሻ የሌለውን ዓይኗን ወደሱ መለሰች። ያኔ ለየችው።

«አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» አለ ዲሬክተሩ።

«ከሆነ?» አልኩት።

«እሺ፣ በድዬሃለሁ።»

ሙሴው ደስ አላቸው። «በቃ፣ ሸጋ ነው። ተሳሳሙ።»

«አልበቃም፣ አያ። በደል የጎረቤት ነው። ይኼ ሰውዬ ቁልፍ ይዞ ነው ያደረገው። ምን እንዳደረገ ይናገር።»

«ምነው ልጄ» አሉ ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት፤ «ሰው በድያለሁ ካለ ምን ቀረ? ወጡም እኮ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ይቀዝቅዝ» አልኩ። እንዲህ ያለ ሥልጣን በዕድሜዬ አግኝቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ዳቦ፣ በኔ አንድ ምላስ ተይዟል።

ዲሬክተሩ ሚስቱን አየ፤ የሚስቱን ዘመዶች አየ፤ ጽዋውን አየ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በእንግሊዝኛ ተናገረ። «አይ ኦፕረስድ ዩ» አለኝ። ወላጆች ለአቤቱታ ሲመጡበትም እንዲህ ያደርጋል፤ ቋንቋውን እንደ መጋረጃ ይስበዋል። በዚያች ቅጽበት ግን መጋረጃው ውስጥ ከማን ጋር እንደገባ ረስቷል።

«ምን አለ?» አሉ ሙሴው፣ ወደኔ ዞረው።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ የሠርጌን ቀን ጨምሮ። ባለቤቴ ይኼን ካነበበች በዳቦ ቢላዋ ታርመዋለች፤ ቢሆንም እውነት ነው።

«ቃሉ ከባድ ነው፣ አያ። ማብራሪያ ይፈልጋል።»

«አብራራ እንጂ፤ ተርበናል።»

መሐል ገባሁ። ለዘጠነኛ ክፍል የሰጠሁትን ትምህርት ለአቦ ማኅበርም ሰጠሁ። የበሬውን፣ የማሳውንና የዳኛውን ነገር ነገርኳቸው። ግሱ ወንበር እንደሚፈልግ፣ ከታች ያለ ሰው ከላይ ባለው ላይ ሊጠቀምበት እንደማይችል አስረዳሁ። ከዚያ ወደ አጠቃቀሙ ገባሁ፤ በመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ጀመርኩ።

«ሽንት ለመሽናት ይጠየቃል?» አሉ አዛውንቱ።

«ለምን ጉዳይ እንደሆነም ይጣራል።»

«አይ ጉድ። ለኛ ዕድሜማ ይኼ ሞት ነው።»

ሳቁ ሲበርድ የመጨረሻውን አጠቃቀም ነገርኳቸው። የወንድሜን ስልክ፣ ቢሮ መግባቴን፣ የተቆለፈውን በር፣ የሞተ ሰው አይቸኩልም መባሌን። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም፤ ለኔ ይኼ ከጾም ይከብዳል።

ካህኑ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይኼን ሁሉ በዚያች ባንዲት ቃል ነው ያለው?»

«እንግሊዝኛ ቆጣቢ ነው፣ አባ። ግን እኔን አትመኑኝ። እሱን ጠይቁት። ትርጉሙ ልክ ነው፣ ዲሬክተር?»

ልክ አይደለም ቢል፣ ታዲያ ምን ማለት ነው ብለው እንደሚይዙት አውቋል። ማንቆርቆሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ። ሚስቱ ከጓዳ በር ላይ ሆና «መልስለት እንጂ፤ እንግዳ አስቀምጠህ» አለችው።

«ልክ ነው» አለ።

«የቀብሩም?»

«የቀብሩም።»

«ልሂድ ብዬ ጠይቄዎት ነበር?»

«ጠይቀኸኛል።»

አክስቴ ተነሣች። «ጌታው፣ ያን ቀን ቢሮዎ ስመጣ ሌላ ነበር የነገሩኝ» አለችው። ወደኔም ዞረች፤ ትከሻዬን ይዛ ቆመች። እጇ ይከብዳል።

ሙሴው ይቅር ተባባሉ አሉ። ዲሬክተሩ ጎንበስ አለ፤ እኔም ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። ያለው አፌ ነው። ጽዋው ተነሣ፤ እንግዳ ናትና መጀመሪያ ለአክስቴ ተዘረጋላት። አልተቀበለችም።

«እኔ ገና ነኝ» አለች። «ቅዳሜ የድብ ባሕር ገበያ ነው። የዚህ ልጅ ወንድም እህል ይዞ ይወጣል፤ ለቅሶ የተቀመጠውም አገር ሁሉ ይወጣል። እዚያ መጥቶ ይኼንኑ ይናገር። እሄዳለሁ ካለ እጠጣለሁ።»

«ቅዳሜ ስብሰባ አለብኝ» አለ ዲሬክተሩ።

ሙሴው ጽዋውን መልሰው አስቀመጡና፣ ሌሊቱን ለማደር እንደመጣ ሰው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አዛውንቱም ጫማቸውን አወለቁ።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ።

«በምን ቋንቋ?» አለችው አክስቴ።

«በአማርኛ።»

«በእናትህ ቋንቋ። ጎሽ።» ጽዋውን ተቀብላ ጠጣች።

ዳቦው ተቆረሰ። ዲሬክተሩ ጠላ እየቀዳ እኔ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለና «ሰኞ ቢሮ እንገናኛለን» አለኝ በጆሮዬ።

«ቅዳሜ ይቀድማል» አልኩትና ብርጭቆዬን እንደዘረጋሁ ቆየሁ፤ ጢም ብሎ እስኪሞላ።