የእማማ ዘይነባ ድስት

የሐሙስ ማታው የዶሮና የነጭ ሽንኩርት ሽታ እስካሁን ከወጥ ቤቴ አልወጣም። መስኮት ብከፍት፣ ሎሚ ብቀቅል፣ ወይ ፍንክች! ሰማያዊዋ ድስትም ታጥባ መታጠቢያው አጠገብ ተደፍታለች፤ ባየኋት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

እማማ ዘይነባ ጅማ ሳድግ በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን፤ አንዳችን ያረድነውን ሌላው አይበላም እንጂ ያልተካፈልነው ነገር አልነበረም። እናቴ ታዲያ በአዘቦት ቀን ድንገት ይነሳባትና፣ ዛሬ ዘይነባን ፓስታ በዶሮ ካላበላሁ ትላለች። ያን ጊዜ እየቧጨረችኝ የምትንፈራገጠውን ዶሮ አቅፌ በጓሮ በር ወደ እነሱ ግቢ እሮጣለሁ፤ ባላቸው ቢስሚላህ ብለው ያርዱልኛል፤ ዶሮዋም የእኛ ቤት ሥጋ ነክቷት በማያውቃት በዚያች ሰማያዊ ድስት ከካሮትና ከፎሶሊያ ጋር ትበስላለች። ለእኛ በሌላ ድስት ያው ፓስታ ያለ ዶሮ ይሠራል፤ ሁለት ዶሮ ባንድ ቀን ማን አይቶ! እኔ ሆዳሟ የእንግዳችንን ሳህን እያየሁ ሳኮርፍ፣ እናቴ ካሮቷን በሹካ እያሳደደች እሳቸውን በሳቅ ታፈርሳቸው ነበር።

ዛሬ እናቴም ያ የጓሮ በርም የሉም። እማማ ዘይነባ ሰርቦ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሐሙስ ለሕክምና ጅማ መጥተው መሸባቸውና ደወሉልኝ፤ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ከሥራ ስወጣ የበረዶ ዶሮ ገዝቼ እየበረርኩ ቤት ገባሁ፤ ከቁም ሳጥን አናት ላይ ድስቷን አወረድኩ፤ አቁላላሁ፣ ቀቀልኩ፣ አቀረብኩ።

"አልሃምዱሊላህ! ድስቴን አልጣልሻትም?" አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ሹካቸውን አነሱ።

ክው አልኩ። ድስቷን ያስታወስኩ ሴትዮ ዶሮውን ረስቼዋለሁ! ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ለቅጽበትም ቢሆን ይህን ማሰቤ ያሳፍረኛል።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዶሮው የሱቅ ነው፣ ማን እንዳረደው አላውቅም።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሹካውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዳቦና ሻይ አምጥቼ የኔን ሳህን ጭምር ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ቁጭ በይ። እናትሽ እኮ እኔ ዶሮ ስበላ እሷ ካሮት እየበላች ስንቴ አጫውታኛለች። ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ ብዪ።"

ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ የሰርቦን ወሬ ያወሩልኝ ጀመር። እኔም እንደታዘዝኩት ጎረስኩ።

በማግስቱ ከሸኘኋቸው በኋላ ድስቷን ፈትጌ ፈትጌ አጠብኳት። እንደ ድሮው ለብቻዋ ላስቀምጣት አፈርኩ፤ ከሌሎቹ ጋር ልቀላቅላትም እጄ እምቢ አለ። ይኸው እስካሁን እንደተደፋች ናት።