ማስታወቂያው ከዜናው በላይ እንዳይጮህ

ያን ጊዜ ከዞን መሥሪያ ቤቶቹ ማዶ ባለች የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ቦንጋ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው አይጠፋም፤ የመሬት አለ፣ የዝውውር አለ፣ የጡረታ አለ፣ የውሃ ቆጣሪ አለ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ከተዋስኳቸው መጻሕፍትና ከሬዲዮ እየቃረምኩ ለብቻዬ የተማርኩት ስለሆነ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ማመልከቻዎቼ ወደ መጨረሻቸው ሲደርሱ ቤት መምታት ይጀምራሉ። አንድ ዝውውር ጠያቂ መምህር የጻፍኩለትን አንብቦ፣ «ወንድሜ፣ ወደ ደካ ያዛውሩኝ ብለህ ጻፍልኝ ነው ያልኩህ፤ ለደካ ግጠምላት መቼ አልኩህ?» ብሎ ሰው አስቆብኛል። እኔ ግን በልቤ እንደ ምስጋና ነበር የወሰድኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህር ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። የከተማውን ግማሽ ልጅ ፊደል ያስቆጠሩ ሴት ናቸው፤ ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

«በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ማመልከቻ ይጻፋል?» አሉኝ።

«ማስታወቂያ ሊያሠሩ ነው፣ እትዬ?»

«ላሠራ አይደለም፣ አቤት ልል ነው። በጣም ይጮሃል።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ወንበር እስክሰጣቸው ሳይጠብቁ ተቀመጡና ስለ ባለቤታቸው ነገሩኝ።

ባለቤታቸውን የማያውቅ ቦንጋ ውስጥ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ባለ ጉዳይ በስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። የመጡት ከሰሜን ነው፤ የካፋን ስም ግን እንደ ተወላጅ አስተካክለው ይጠሩ ስለነበር፣ ከዋጫ ገጠር የመጣ ገበሬ ስሙን በትክክል ሲሰማ ቀና ብሎ ነበር ችሎት የሚገባው። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው አብረው ሄዱ።

«ሐኪሙ ስምዎ ማነው ሲለው» አሉ እትዬ፣ «አፉን ከፈተ፣ ከፈተ፣ አልወጣም። የሰው ስም ሲጠራ የኖረ ሰው! የገዛ ስሙ እስከ ዛሬ አልወጣም።»

ሌላው ቃል ግን ጥቂት በጥቂት እየተመለሰ ነበር። ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው እየሰሙ እንዲከተሉ ተመክረዋል። እትዬም ከዜና አንባቢ የበለጠ ረጋ ብሎ የሚናገር የለም ብለው የሰባት ሰዓቱን ዜና ይከፍቱላቸዋል። አንባቢው «ዛሬ» ሲል እሳቸውም «ዛሬ» ይላሉ። ማስታወቂያ ሲገባ ግን ይደነግጡና ዝም ይላሉ። አንዴ ዝም ካሉ የዚያን ቀን በቃ።

«ታዲያ ለምን አይቀንሱትም?»

«አንተ ቦንጋ አይደለህም እንዴ የምትኖረው?» ጣታቸውን ወደ ቆርቆሮው ቀሰሩ። ዝናቡ ሲወርድ እኔና እሳቸውም የምናወራው እየተጯጯህን ነበር። «ዜናውን በዝናቡ ላይ ለመስማት ከፍ አደርጋለሁ። እነሱ ደግሞ ከፍ ባደረግኩት ላይ ይመጡበታል።»

ጻፍኩላቸው። ምን ያልጻፍኩት አለ! «ጆሯችን እየደማ፣ ቤታችን እየፈረሰ፣ እንባችን እንደ ጎርፍ እየፈሰሰ» ብዬ ጀምሬ መጨረሻውን አሳምሬ ቤት አስመታሁት። ውጭ ባጃጅ ይጠብቃቸው ስለነበር ሳያነቡ ፈርመው ይዘውት ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። የወረቀቱ ጥግ ላይ ከዞኑ ኮሙኒኬሽን መምሪያ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ግልጽ አይደለም፤ ማስረጃ ይቅረብ» ብሎበታል። ከዚያ በታች ያለውን እትዬ ራሳቸው በቀይ አርመውታል።

«ማነው የደማው?» አሉኝ።

«አገላለጽ ነው እኮ፣ እትዬ...»

«ቤቴስ መቼ ፈረሰ? ዛሬ ጠዋት ጠርጌው ነው የወጣሁት።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አንተ ልጅ፣ ስለ ጩኸት ጻፍልኝ ብልህ አንተም ጮህክብኝ። ነገ ቤት ና። ያየኸውን ጻፍ፣ ሌላ አትጨምር።»

በማግስቱ ሄድኩ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው፤ ጓሮውን እንሰት ሞልቶታል። ባለቤታቸው ጋሼ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል። ዝናቡ ጀመረ። እትዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሃያ ሁለት ላይ አደረጉት።

«መንገዱ» አለ አንባቢው።

«መን...ገዱ» አሉ ጋሼ።

«ለአገልግሎት ክፍት ሆኗል።»

«ለአ... ለአገል... ለአገልግ...»

ግንባራቸውን አላባቸው። ቃሉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የምግብ ዘይት ማስታወቂያ ገባ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ያው ሃያ ሁለት ነው፣ ማንም አልነካውም። ድምፁ ግን እኔን ራሴን ከወንበሬ አስነሣኝ። የጋሼ ትከሻ ዘለለ፤ ግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። እትዬ ሪሞቱን ከትራስ ሥር አግኝተው እስኪቀንሱት ማስታወቂያው አለቀ፤ ዜናው ሲመለስ ደግሞ በዝናቡ አይሰማም። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

«አገልግሎት» አልኳቸው ቀስ ብዬ። ከመስኮቱ ዘወር አላሉም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተር ይዤ ተመላለስኩ። ማስታወቂያ በገባ ቁጥር የዜናውን ያህል ብቻ እስኪሰማ ድረስ እቀንስና ቁጥሩን እጽፋለሁ። ከሃያ ሁለት ብዙውን ጊዜ ወደ አሥራ አራት መውረድ ነበረበት። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ «ደነገጡ» ወይም «ቀጠሉ»። አብዛኛው ደነገጡ ነው የሚለው።

አንድ ቀን እትዬ ኩሽና ሳሉ ሪሞቱ እኔ እጅ ላይ ነበር። አንባቢው «ከአፍታ በኋላ እንመለሳለን» ሲል ቀድሜ ድምፁን አጠፋሁት። ቁጥሩን ልጽፍ እንኳ አላሰብኩም፤ ሲደነግጡ ማየት ሰልችቶኝ ነው። ቤቱ ውስጥ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ነጭ ሸሚዝ እያጠበች አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ጋሼ አዩአት። እኔን አዩኝ። መልሰው አዩአት።

«ሳ...» አሉ።

ወደ ፊት ጎንበስ አልኩ።

«ሳሙና።»

የሚከተሉት ሰው አልነበረም። ቀድሞ ያለላቸው የለም። ቃሉ ከራሳቸው ነው የወጣው። ቀጥሎ የግድግዳ ቀለም መጣ፣ «ቀለም» አሉ። ቀጥሎ ፓስታ መጣ። እሱ ላይ ተቸገሩ፤ በግራ እጃቸው አየሩን እየጎተቱ ፈለጉ ፈለጉና፣ «ትል» አሉ። ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ደነገጥኩ፤ አስቀየምኳቸው ብዬ። እሳቸው ግን ከኔ ብሰው ይስቁ ነበር።

እትዬ በእርጥብ እጃቸው በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ማነው የሚያወራው?»

«ማስታወቂያው ነው» አልኳቸው።

ቴሌቪዥኑን አዩት፤ ድምፅ የለውም። ባላቸውን አዩአቸው። በርጩማ ስበው ተቀመጡ፣ እኛም ቀጠልን። ወጡ አረረ፤ ለሦስታችንም ሸተተን፤ ማናችንም አልተነሣንም።

ከዚያ ወዲያ ትምህርታችን ሁለት ሆነ። ዜና ሲሆን ይከተላሉ፣ ማስታወቂያ ሲሆን ድምፁ ይጠፋና እሳቸው ይናገሩበታል። በሁለተኛው ሳምንት ከደብተሬ ላይ «ደነገጡ» የሚለው እየሳሳ ሄደ።

«እንግዲህ ማመልከቻው ይቅር?» አልኳቸው እትዬን።

«ለምን ይቀራል? እኔ ገበያ ስሄድ ማን ያጠፋለታል? በግራ እጁ ቁልፉን እስኪያገኘው ማስታወቂያው ያልቃል። ደግሞስ የኛ ቤት ብቻ ነው? ጨቅላ የምታስተኛ አለች፣ በሽተኛ የሚያስታምም አለ። ሁሉም ቤት አንተ ሪሞት ይዘህ ልትቀመጥለት ነው?»

ጋሼ በግራ እጃቸው ደረታቸውን ነኩ። «እኔ» አሉ። አመልካቹ እሳቸው መሆናቸው ነው። ማስታወቂያ ጭራሽ እንዲቀር እንጠይቅ ወይ ስላቸውም ራሳቸውን ወዘወዙ፤ «አይ...ቅር» አሉ። ሳሙናና ቀለሙን ለምደውት ነበር።

አዲሱ ማመልከቻ እንዲህ ይላል፦ «ከታመምኩ ወዲህ ዜና እየሰማሁ መናገር እለማመዳለሁ። ማስታወቂያ ሲገባ ድምፁ በጣም ስለሚጨምር ደንግጬ አቆማለሁ። ማስታወቂያ አይቅር። ካቋረጠው ዝግጅት በላይ እንዳይጮህ ግን ደንብ ይውጣለት፤ ደንብ ካለም ይከበር።» ከሥሩ የደብተሬን ቁጥሮች በሰንጠረዥ አያያዝኩ። ቤት የሚመታ ምንም የለበትም። እትዬ ሁለቴ አነበቡትና ቀይ እስክሪብቶአቸውን ከደኑ።

ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተጭነን ወደ መምሪያው ሄድን። ማመልከቻ ከሚቀበለው ወጣት ጀርባ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ልክ ስንገባ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ቢሮውን ሞላው።

«ምን ልርዳዎት?» ብሎ ጮኸ።

«ስለ ማስታወቂያ ነው!» አሉ እትዬ።

«ስለ ምን?»

«ስለ ጩኸቱ!»

«አልሰማሁም!»

እትዬ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። ወጣቱ ዞሮ አየ፤ ሪሞት ፈለገ፣ አጣ። ወንበር ላይ ወጥቶ በቴሌቪዥኑ ጎን ባለው ቁልፍ ቀነሰውና እየሳቀ ወረደ። ወረቀቱን አነበበ። ሰንጠረዡ ላይ ሲደርስ ሳቁን ተወ፤ በጣቱ መስመር በመስመር ወረደበት።

«ይሄ የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው፣ ከኛ በላይ ነው» አለ። «ግን ማስረጃ አለው። መሸኛ ጽፈን እንልከዋለን።»

መሸኛው በዚያው ሳምንት ወጥቷል። መልሱን እየጠበቅን ነው፤ እኔም በየጊዜው ብቅ እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ወጣቱም ሪሞቱን አግኝቶ አሁን ከኪሱ አይለየውም። በዚያ ቀን ግን የቀረው መዝገብ ላይ ማስፈር ብቻ ነበር። ትልቁን መዝገብ ገለጠና ቀና ሳይል፣ «የአመልካች ሙሉ ስም?» አለ። ስሙ እጁ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል፤ መሥሪያ ቤት ግን የተጻፈውንም ይጠይቃል።

እትዬ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሼ ግራ እጃቸውን አነሡና አስቆሟቸው።

የራሳቸው ስም ሁለት ቦታ ተቆርጦ ወጣ። የአባታቸው ስም ባንድ ትንፋሽ ወጣ። የአያታቸው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ድምፅ ነበር፣ ገና ሻካራ ቢሆንም። እትዬ ክንዴን ያዙኝ። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል አንድ ሽማግሌ፣ የተጠሩ መስሏቸው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ብድግ አሉ።