እኛን ያለፈው በረዶ

ባሌ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ደሜ መፍላት የጀመረው ከዚያ በጋ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊትማ «ተመስገን ማለት የማይሰለቸው ባል አለኝ» ብዬ የምኩራራበት ሰው ነበር።

ቴምፕል በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የእኛንና የጎረቤቴን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። ጎረቤቴ የልጄ የክርስትና እናት ናት። እዚህ የሰው አገር እናት የለኝ፣ እህት የለኝ፤ እሷ ነበረችኝ። የሥራ ሺፍቴ ሲረዝም ልጄን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ፣ ሲያመኝ ሾርባ ይዛ በጓሮ በር ዘው የምትለው እሷ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም እልልታ የምትጀምረው እሷ ናት፤ የሷ ድምፅ ካልቀደመ የሌሎቹ አይነሳም።

በረዶ ስል የዊንተሩን አይደለም። በበጋ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ የሚወርደውን፣ ሎሚ የሚያክለውን ነው። ያን ቀን በእሷ ቤት በኩል መጣ። መስኮቶቿን አረገፈ፣ የግድግዳዋን የውጭ ልባስ፣ ሳይዲንጉን፣ ወንፊት አደረገው፣ ደጅ ፓርክ አድርጋው የነበረውን ታክሲዋን፣ ያውም እንጀራዋን፣ መስታወቱን አደቀቀው። እኛ ቤት የቲማቲም ችግኝ ተሰበረ። ነፋሱ ከዚያ ወገን ስለነበር የሷ ቤት ከለለን፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ባሌ ግን ሌላ ነገር ታየው። መስኮታችን አጠገብ የሰቀልኩትን የእመቤታችንን ሥዕል እያሳየ «አየሽ እንዴት እንደሸሸገችን?» አለኝ።

«እሷም ቤት ያው ሥዕል ነው ያለው» አልኩት። «ሁለቱንም የገዛሁት እኔ ነኝ። ከስብርባሪው መሃል ስታነሳው አላየህም?»

«እንግዲህ እንደ እምነታችን ነው» አለ። ያቺ ሴት ጾም ገድፋ አታውቅም፤ እሱ ፍልሰታን እንኳ የሚጾመው በስንት ጭቅጭቅ ነው።

እሑድ ዳቦ ይዘን ቤተ ክርስቲያን ሄደን በሰው ሁሉ ፊት ምስጋና እናቀርባለን አለ። «አመስግን፣ ማን ከለከለህ?» አልኩት። «ጓዳህ ገብተህ አመስግን። እሷ ፊት ይህን ካወራህ ግን እህቴን ታሳጣኛለህ። ፈሪሳዊውም እኮ ያመሰገነው እንዲህ ነበር፣ አጠገቡ የቆመውን እያየ።»

«አንቺ ደግሞ ምስጋና ይከብድሻል» ብሎ ሰበከኝ። ዳቦውን ራሴ ደፋሁለት፤ በባዶ እጁ ሄዶ ደግሞ እንዳያዋርደኝ ብዬ።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ካህኑ ዳቦውን ባርከው ቆረሱና ለሕዝቡ ታደለ። ባሌ ተነሳ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይሉ የለ? «ግራ ቀኛችን ሲመታ እኛን አለፈን። አምላኬ የወዳጁን ቤት ያውቃል» አለ። እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ እልልታዋን ጠበቀ፤ አልመጣም። «አሜን» ብቻ አለች፣ ረጋ ብላ። ከዚያ የደረሳትን ቁራሽ ሳትቀምስ በሶፍት ጠቀለለችና ልጄ እጅ ላይ አስቀምጣ ወጣች። የተባረከ ዳቦ ሳይቀምሱ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ ሰው ያውቀዋል።

መኪና ውስጥ ባሌ «እግዚአብሔርን ባመሰገንኩ ምን አጠፋሁ?» ይለኛል።

«እሷንስ አመስግነሃል? በረዶውን የተቀበለልን የሷ ግድግዳ ነው።»

«እሱ የፈጣሪ ሥራ ነው» አለ።

በማግስቱ ሾርባ ሠርቼ በጓሮ በኩል ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ያ በር ለእኔ ተቆልፎ አያውቅም። ዞሬ በፊት ለፊት አንኳኳሁ። በመስኮቷ ፋንታ የለጠፈችው ፕላስቲክ በነፋስ ይንኮሻኮሻል፤ ከኋላው ቆማለች፣ ጥላዋ ይታየኛል።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

በሩን ግን አልከፈተችልኝም።